የአርባ ስምንት ቁጥሯ አዋላጅ

ሟቹ በገዛ ቢሮው ወለል ላይ፣ በጠረጴዛውና በብረት መደርደሪያው መካከል በጎኑ ተጋድሟል። መነጽሩ አልተሰበረም፣ ጫማው አልወለቀም፤ ከጆሮው በላይ ያለችው ቁስል ባትኖር የወደቀበትን እስክሪብቶ ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ እዚያው እንቅልፍ የጣለው ይመስል ነበር። የመደርደሪያው ጠርዝ ላይ ደምና ጥቂት ፀጉር ተጣብቋል። ሰዓቱ ከጠዋቱ ሁለት ተኩል ነው። ፖሊስ የጠራው ቢሮውን በመስታወት ሲከፋፍል የሰነበተው መስታወት ገጣሚ ነበር።

ኢንስፔክተሩ ወደ ሬሳው አልቸኮለም። በሩ አጠገብ ያለውን አዲስ መስታወት በትከሻው ተደግፎ ክፍሉን ማየት ጀመረ። ይህ ቆሞ የማየት ልማዱ በጣቢያው ብዙ ቀልድ አትርፎለታል። ሕግ የተማረው ባሕር ማዶ ነው፤ ሰባት ዓመት። ይዞት የተመለሰው አንድ ሻንጣ መጽሐፍና «ይሁን እንጂ» የምትል ቃል ነው ይሉታል። ምስክሮች ሁሉ ተስማምተው፣ አዛዡም መዝገቡን ሊዘጉ ብዕር ሲያነሱ፣ እሱ «ይሁን እንጂ» ብሎ ከታች የሚጨምራት ነገር አያጣም። ስለዚህ ቅጽል ስሙ «የግርጌ ማስታወሻ» ሆኖ ቀረ። አብራው የምትሠራው ሃምሳ አለቃ ግን በእናቱ ዕድሜ ናት፤ ሰው ፊት «እርስዎ»፣ ለብቻቸው ሲሆኑ «አንተ ልጅ» ትለዋለች።

«አንተ ልጅ፣ ግባና እየው እንጂ» አለችው አሁንም። «ሰው ሞቶ ሳለ በር ላይ ምን ያስቆምሃል?»

ጠረጴዛው ላይ አንድ ወፍራም የታተመ ዝርዝር ተዘርግቷል። የሴቶች ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ የቤት ቁጥር፤ ሁሉም አዋላጆች ናቸው። በተከፈተው ገጽ ላይ አንዲት መስመር ብቻ በወፍራም ቢጫ ቀለም ከዳር እስከ ዳር ተሰርዛለች። ከቀለሙ ሥር ጽሕፈቱ ይነበባል፤ የአንዲት አዋላጅ ስም፣ አዲሱ ሰፈር፣ የቤት ቁጥር አርባ ስምንት።

«የከንፈር ቀለም እንዳልል ቢጫ ነው» አለች ሃምሳ አለቃዋ፣ በጓንቷ ጫፍ ነካ አድርጋ። «ሰም ሰም ይላል።»

መስታወት ገጣሚው ኮሪደሩ ላይ የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ረጅም ሰው ነው፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ጣቶቹ በቁርጥ ጠባሳ የተዥጎረጎሩ። የተጠየቀውን ብቻ መለሰ። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጥቷል፤ ዘበኛው መዝግቦታል። ዛሬ ከሁለት ሰዓት በኋላ መጥቶ በሩን ሲገፋው ተከፈተለት፤ ሌላ ነገር ሳይነካ ደወለ።

«ሰውዬውን ነክተውታል?» ሲል ጠየቀው ኢንስፔክተሩ።

«አልነካሁትም። እንደሞተ ያስታውቃል።» ቀጥሎም፣ «የሞተ ሰው አይቼ አውቃለሁ» አለ።

ሟቹ ምን ይሠራ እንደነበር ያስረዳችው ቢሮው ውስጥ ከሚሠሩት ሦስት ደዋዮች አንዷ፣ ማታ በመጨረሻ የወጣችው ልጅ ናት። ሥራቸው ስልክ መደወል ነው፤ የሚደወልባቸውን ሰዎች ስልክ የሚያመጣው ደግሞ አለቃዋ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ያሉ የባለሙያ ማውጫዎችን በፕሮግራም ይሰበስባል። እሱ «ማጨድ» ነው የሚለው። አዋላጆቹን ያጨደው ከማህበራቸው ማውጫ ነው፣ አሥር ሺህ ያህል ስም፣ በአንድ ከሰዓት። ስልኮቹን ለዳይፐርና ለሕፃን ወተት ነጋዴዎች ያስተላልፋል፤ ስሞቹን ደግሞ «በአቅራቢያዎ ያለች አዋላጅ» ብሎ በራሱ ገጽ ላይ ይለጥፍና ዙሪያውን በማስታወቂያ ይሞላል።

«አትችልም ያለው ሰው አልነበረም?» አላት ኢንስፔክተሩ።

«ብዙ ነው እንጂ። ‹ማሳው አጥር የለውም፣ እኔ ምን ላድርግ› ይላቸዋል።»

ኢንስፔክተሩ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም። አጥሩን በደንብ ያውቀዋል፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ሁለት መቶ ገጽ የጻፈው ስለዚሁ ነበር። ሕጉ አለ። ሰው ለአንድ ጉዳይ ብሎ ያሳወቀው ስልክ ያለ ፈቃዱ ለሌላ ጉዳይ አይውልም፤ ማውጫን በጅምላ ገልብጦ ለገበያ መጠቀም ክልክል ነው። እዚህ አገር ከወጣ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በእነዚህ ስድስት ዓመታት ግን አንድ ሰው እንኳ በዚህ ሕግ ሲቀጣ አላየም። አንዳንዴ ሕጉን ያነበበው እሱ ብቻ ይሆን እያለ ይጠራጠራል።

ልጅቷ የወጣችው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። አለቃዋ በስልክ እየሳቀ ሲያወራ ሰምታዋለች። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። «መውጫው ላይ ትልቋ መስታወት ግድግዳውን ተደግፋ ነበር፤ ሹራቤን እንዳትይዝብኝ በጎን ነው ያለፍኩት» አለች። የሚጠላው ሰው እንዳለ ስትጠየቅ ሁለት ሴቶች ትዝ አሏት። አንዷ በየሳምንቱ እየደወሉ «በመቀስ እመጣልሃለሁ» የሚሉ አሮጊት ናቸው። ሌላዋን አታውቃትም፤ ከሦስት ቀን በፊት ደረጃው ላይ ቆማ «ሳልይዝህ አልቀርም፣ መስመርህ እጄ ገብቷል» ብላ ጮኸችበት።

ዘበኛውም አሥራ አንድ ተኩል ካለፈ በዋናው በር ያስገባው ሰው እንደሌለ በልጆቹ ማለ። «በዋናው በር?» አለ ኢንስፔክተሩ። ዘበኛው የጓሮ የዕቃ በር መኖሩን አመነ፤ ግን እሱ ለትልልቅ ዕቃ ነው፣ በእሱ መዝገብ አይገባም።

ባለመቀሷ ከሁለት ቀን ፍለጋ በኋላ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ሆነው ተገኙ። አርባ ዓመት አዋልደዋል። መኖሪያቸው ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ነው፣ ሁለት ክፍል፤ ስልካቸው በሩ አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ ከሥሩ ጫማቸው ተደርድሯል።

«በመቀስ ማለቴ እውነት ነው» አሉ ሳይጠየቁ። «እትብት የቆረጥኩበት መቀስ ነው፣ ምላስ አያቅተውም።»

ሃምሳ አለቃዋ ሳቋን በእጇ ሸፈነች።

«እትዬ፣ ሰውዬው እኮ ሞቷል» አላቸው ኢንስፔክተሩ።

ቁጭ አሉ። ነፍስ ይማር አሉ። ከዚያ ግን ዝም ማለት አልቻሉም። «ልጄ፣ እኔ ስልክ ሲጠራ ጫማዬን አድርጌ ነው የማነሳው። አርባ ዓመት የለመደ እግር ነው። አሁን ጫማዬን አድርጌ ሳነሳው የዳይፐር ነጋዴ ነው። በቀን ስድስት ጊዜ፣ ሰባት ጊዜ። እንግዲህ እውነተኛዋ ወላድ የደወለች ቀን፣ እኔ ሰልችቶኝ ባላነሳስ?»

ሰውዬው በሞተበት ማታ የእህታቸው ልጅ ስትወልድ ሆስፒታል አብረዋት ነበሩ፤ ሦስት ነርሶች ይመሰክራሉ። ኢንስፔክተሩ ዝርዝሩን አውጥቶ ቢጫዋን መስመር አሳያቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉ።

«ይህቺ ማናት? የከተማውን አዋላጅ ግማሹን ያሰለጠንኩት እኔ ነኝ። እንዲህ የምትባል የለችም።»

ኢንስፔክተሩ ከስሟ ጎን ወዳለው ስልክ ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ።

በማግስቱ የአዋላጆች ማህበር ቢሮ ሄዱ። ሁለት ክፍል ናት። ማውጫውን የምታዘጋጀው መዝጋቢ አርባ ዓመት ገደማ የሆናት፣ እስክሪብቶዎቿን በቁመታቸው የምትደረድር ሴት ነች። ሟቹን በስም አውቀው እንደሆነ እንጂ አይቼው አላውቅም አለች። ኢንስፔክተሩ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ያችን ቁጥር ደወለ። የመዝጋቢዋ የግራ መሳቢያ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ታፈነ ዝንብ ጥዝዝ ይል ጀመር።

መዝጋቢዋ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ መሳቢያውን ከፈተችው። ቻርጀር ላይ የተሰካ አሮጌ ስልክና አንድ ደብተር።

ከዚያ በኋላ ምንም አልደበቀችም። የአርባ ስምንት ቁጥሯ አጫጁን ለመያዝ እሷ የፈጠረቻት አዋላጅ ናት። ስሟን ራሷ አወጣችላት፣ ስልክ ገዛችላት፣ ማውጫው ውስጥም በነጭ ላይ በነጭ ጻፈቻት። ሰው ገጹን ቢከፍት አያያትም፤ እየጠራረገ የሚገለብጥ ፕሮግራም ግን ቀለም አይመርጥም፣ እሷንም አፍሶ ይሄዳል። ስለዚህ በዚያ ስልክ የሚደውል ሁሉ ከተሰረቀ ዝርዝር ነው የደወለው። ሥራ ሰዓት ላይ ከሆነ ታነሳለች፤ ሳትናገር ታዳምጣለች፣ ማን እንደሆነና ምን እንደሚሸጥ ትጽፋለች። በዓመት ከመንፈቅ ደብተሩ ሞላ። በሟቹ ላይ የመሠረተችው ክስ በሚቀጥለው ሳምንት ይሰማ ነበር።

«ቤት ቁጥሩስ? አርባ ስምንት?»

«ማንም እንዳይጉላላ ተጠንቅቄ ነው የመረጥኩት። ያኔ አዲሱ ሰፈር ሰው አልገባበትም ነበር፤ ባዶ ግንብ ነው። መንገዱም አርባ ስድስት ላይ ያልቃል።»

ደረጃው ላይ የጮኸችውም እሷ ነበረች። ዋሽታለች። ሰውዬው በሞተበት ማታ የት እንደነበረች ስትጠየቅ ቢሮዋ ውስጥ ብቻዋን የክሱን ወረቀት ስታዘጋጅ እንደነበር ተናገረች፤ ያያት ሰው የለም።

ለአዛዡ ይህ ከበቂ በላይ ነበር። ጠላችው፣ ዛተችበት፣ ዋሸች፣ የተሰረዘችውም መስመር የእሷ ናት። በዚያው ቀን ታሰረች። ዓርብ ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ ቀኑ ማክሰኞ ነው። ስትሄድ የለመነችው አንድ ነገር ነበር፤ አባቷ አልጋ ላይ ናቸው፣ ከእሷ እጅ ካልሆነ አይጎርሱም፣ ጎረቤት ቢበዛ ሁለት ሦስት ቀን ቢችል ነው። ኢንስፔክተሩ ስሙን እንኳ ያልሰማው አንድ ሽማግሌ አፉን ዘግቶ ሲጠብቅ ታየው፤ ምሳውን ሳይነካው ተነሳ።

«ይሁን እንጂ በል እንግዲህ» አሉት አዛዡ። «ሳትል አታድርም።»

«ይሁን እንጂ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ክስ ነበራት። የሞተ ሰው አይከሰስም። እሷ ናት የምትፈልገው በሕይወት እንዲኖር።»

«ሰው ሲናደድ ቀን መቁጠሪያ አይገልጥም» አሉና ብዕራቸውን አነሱ።

ረቡዕን ከደብተሩ ጋር ተቀምጦ ዋለ። በጥሩ እጅ የተጻፈ ነው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የደዋይ ቁጥር፣ የሚሸጠው ነገር። ወተት፣ ዳይፐር፣ የሕፃን አልጋ፣ ኢንሹራንስ፣ ዳግም ወተት። ሁለት ጊዜ ተነስቶ መስኮት ከፈተ፣ ሁለት ጊዜ ዘጋው። ሦስተኛ ጊዜ ሲገልጥ ነው ያቺን ገጽ ያያት።

ከሁለት ወር በፊት የነበረች እሑድ ናት። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ አሥራ አንድ ጥሪ፣ ከአንድ ቁጥር፣ አንዱም ያልተነሳ። መዝጋቢዋ ሰኞ ጠዋት ከስልኩ ላይ ገልብጣ ከጎኑ «በማሽን የሚደወል፣ ድርቅ ያለ ነጋዴ» ብላ ጽፋለች።

«እትዬ፣ ነጋዴ እሑድ ይደውላል?» አላት ሃምሳ አለቃዋን።

«የእኔን ስልክ ቢሆን ይደውላል።»

«አሥራ አንድ ጊዜ?»

ደብተሩን ተቀብላ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ዘጠኝ ከአሥር። ዘጠኝ ከሃያ አምስት። ከዚያ ስምንት ደቂቃ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ሦስት። የመጨረሻዎቹ አራቱ በአንዲት ደቂቃ ውስጥ ናቸው። ጣቷ እዚያ ላይ ቆመ።

«ማሽን ቢሆን እኩል እኩል ነው የሚደውለው» አለ ኢንስፔክተሩ። «ነጋዴ ቢሆን ይተወዋል። ይሄ ግን እየቀረበ ነው የመጣው።»

«ምጥ ነው» አለች ሃምሳ አለቃዋ። አራት ልጅ ወልዳለች። «ምጥ ነው እንዲህ የሚቀራረበው።»

ከዚያ ኢንስፔክተሩ የጠረጴዛውን ስልክ አንስቶ ያንን ቁጥር ደወለ። ወዲያው ተነሳ።

«መስታወት ሥራ ነው» አለ ዝግ ያለ ድምፅ። «ስፋቱንና ቁመቱን ይንገሩኝ።»

ኢንስፔክተሩ ስልኩን ዘጋው። እጁ ስልኩ ላይ እንዳለ ቀረ።

ወደ ሟቹ ቢሮ የተመለሱት በእግራቸው ነው፤ ቅርብ ነበር፣ ኢንስፔክተሩም መኪና ውስጥ ሊቀመጥ አልቻለም። በሩ ላይ ያለው መስታወት እንዳለ ነው። ያን ጠዋት በትከሻው ተደግፎት ነበር፤ ባለሙያው እያየው ምንም አላለውም። አዲስ የተገጠመ መስታወት ላይ ሰው ሲደገፍ ዝም የሚል ገጣሚ የለም፤ ማጣበቂያው አንድ ሌሊት ካላደረ አይይዝምና። እሱ ግን ማጣበቂያው እንዳደረ ያውቅ ነበር። ደዋይዋ በአሥራ አንድ ተኩል ስትወጣ ግድግዳ ተደግፋ የነበረች መስታወት፣ በነጋታው ሁለት ተኩል ላይ ከክፈፏ ውስጥ ደርቃ ቆማለች። በታችኛው ጥግ፣ ከላስቲኩ ሥር፣ የመለኪያ ቁጥር ተጽፎባታል፤ በወፍራም ቢጫ የሰም እርሳስ።

«የጓሮው በር ቁልፍ» አለች ሃምሳ አለቃዋ። «መስታወት በደረጃ አይወጣማ። ለእሱ ሰጥተውታል።»

አዲሱ ሰፈር የተኮለኮሉ አንድ ዓይነት ቤቶች ናቸው፤ መንገዱ ግማሹ ጠጠር፣ ግማሹ ጭቃ። ቁጥሮቹን እየቆጠሩ ሄዱ። አርባ አራት፣ አርባ ስድስት። ከዚያ ወዲያ የአሸዋ ክምርና ውሃ የቋጠረ ጉድጓድ ነው። የመስታወት ገጣሚው ቤት ከዚያ ወደኋላ ሦስት መቶ ሜትር ቢሆን ነው።

በር የከፈቱት እናቱ ናቸው። ሕፃን ታቅፈዋል፤ ሁለት ወር ያልዘለለች፣ አንድ ጡጫዋን አፏ ውስጥ የከተተች ሴት ልጅ። እሱ ከኋላቸው ብቅ አለ፣ ሁለቱን አየ፣ ከዚያ ለእናቱ «ወደ ውስጥ ይዘሻት ግቢ፣ እማ» አላቸው። አልካደም። እንዲያውም ትከሻው ትንሽ ቀና ያለ መሰለ።

ያን እሑድ ሚስቱን ምጥ ከቀኗ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ያዛት። አምቡላንስ ድልድዩ ላይ ቆመናል አለ። ስልኩ ላይ ፈለገ፤ መጀመሪያ የመጣለት ገጽ «በአቅራቢያዎ ያለች አዋላጅ፣ ሦስት መቶ ሜትር» ብሎ ቤት ቁጥር አርባ ስምንትን አሳየው። እግዜር ይስጥልኝ አለ፣ ጮክ ብሎ። ደወለ። ስላልተነሳ ሮጠ፤ እየሮጠ ደወለ፤ በር በር እያየ ደወለ። መንገዱ አለቀ። ሲመለስ ልጅቷ ወጥታለች፣ ሚስቱ ግን ደሟ አልቆም ብሏል። ሁለት ወር ሙሉ አንዲት አዋላጅ ስልክ ሳታነሳ ቀርታ ሰው እንደገደለችበት እያሰበ ኖረ። ከዚያ ለሥራ የተጠራበት ቢሮ ግድግዳ ላይ የዚያን ገጽ ምልክት አየ።

«እንዲያጠፋት ብቻ ነው የለመንኩት» አለ። «ሁለት ጊዜ። ሦስተኛ ሰውየው ብቻውን ሲሆን ይሻላል ብዬ፣ ወጥቼ በጓሮ ተመለስኩ። ዝርዝሩን ራሴ አውጥቼ ሰረዝኩለት፤ ይቺን ብቻ አልኩት። ‹ከአሥር ሺህ አንዷ ምን ታደርግሃለች፣ ከአጨዳው ጋር የመጣች ናት› አለኝ። ስልኩ ጠራ። ዞረና እየሳቀ ማውራት ጀመረ። እስኪጨርስ ጠበቅኩት። ሲጨርስ ‹አንተ ገና አልሄድክም?› አለኝ። ገፋሁት። አንድ ጊዜ።»

«ከዚያ መስታወቱን ገጠሙት?»

«መስታወት ተደግፎ አያድርም» አለ፣ የዋህ ጥያቄ እንደተጠየቀ ሰው። «ጠዋት የሚገባ ሰው ላይ ይወድቃል።»

ሃምሳ አለቃዋ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አለ ሰውዬው። «አዋላጇን አግኝታችኋት ይሆናል። ለምን አላነሳችም?»

ኢንስፔክተሩ ባሕር ማዶ በተማረው ነገር ሁሉ ውስጥ ለዚህ መልስ ፈለገ። ከዚያ እውነቱን ነገረው። አዋላጅ የሚባል ሰው እንደሌለ፣ ስሟ ሌባ ለመያዝ የተጻፈ እንደነበር፣ ስልኩ ያን ዕለት በተቆለፈ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ሲጮህ እንደዋለ። መስታወት ገጣሚው የጣቶቹን ጠባሳ ተመለከተ።

«መስመሯ አሁንም አለች?»

«አለች።»

«እንግዲያው አጥፏት» አለና ሁለት እጁን ዘረጋ።

ሐሙስ መዝጋቢዋ ተፈታች። አዛዡ መዝገቡን በደስታ ዘጉት። መስመሯን ማጥፋት ግን እንዲህ ቀላል አልሆነም። የገጹን የይለፍ ቃል የሚያውቀው ሟቹ ብቻ ነው፤ ገጹ ያረፈበት ኩባንያ ደግሞ ሌላ አገር ነው። ኢንስፔክተሩ ሕጉን ጠቅሶ ደብዳቤ ጻፈ፣ አንቀጹን ከነንዑስ አንቀጹ። መልሱ ጨዋ ነበር፤ ጥያቄዎ ደርሶናል፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይታያል።

«ሠላሳ ቀን» አለ ኢንስፔክተሩ፣ ወንበሩን ገፍቶ እየተነሳ። «በሠላሳ ቀን ስንት ሰው ይወለዳል?»

ከሰዓት በኋላ መዝጋቢዋ አባቷን አጉርሳ፣ ዕቃዋን ልትረከብ ጣቢያ መጣች። ኢንስፔክተሩ አስቀመጣት። መዝገቧ እንደተዘጋ ብቻ ነግሮ ሊሸኛት ይችል ነበር፤ የእሑዱን ነገር በሕግ የመንገር ግዴታ የለበትም። አመነታ። ከዚያ ደብተሩን ከፍቶ ያችን ገጽ አሳያትና ነገራት።

አላለቀሰችም። እስክሪብቶ ጠየቀች። «ድርቅ ያለ ነጋዴ» የሚለውን ጽሕፈቷን ቀስ ብላ ሰረዘችው፤ በቦታው ምን እንደሚጻፍ ግን አላገኘችም፣ እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ።

«ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀውም ይላሉ» አለች ሃምሳ አለቃዋ፣ ለማንም ሳትናገር። ከዚያ በመናገሯ የተጸጸተች ይመስል ተነስታ ለሴትየዋ ውሃ ቀዳችላት።

አሮጌው ስልክ ጠረጴዛው ላይ በታሸገ የማስረጃ ከረጢት ውስጥ ነበር። ከከረጢቱ ጎን በቀዳዳ የቻርጀር ገመድ ይገባል፤ ይህን ያደረገው ኢንስፔክተሩ ራሱ ነው፣ ለምን ብሎ የጠየቀው ሰውም የለም። መዝጋቢዋ ዓይኗን ከስልኩ ላይ አላነሳችም።

«ስጡኝ» አለች። «ቤቴ ይዤው ልሂድ። ትራሴ ሥር አደርገዋለሁ።»

«ማስረጃ ነው» አላት። «እስኪፈረድ ከዚህ አይወጣም።»

«እንግዲያው እኔ እዚህ እቀመጣለሁ።»

ወዲያው ከረጢቱ ውስጥ ብርሃን በራ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሦስቱም አዩት። ወተት ሻጭ ሊሆን ይችላል፤ ደብተሩ ሙሉ ወተት ሻጭ ነው። ኢንስፔክተሩ ማኅተሙን በጥርሱ ቀደደው።

«እህቴ!» አለ ትንፋሹ የተቆራረጠ ወጣት ወንድ። «አርባ ስድስት ጋ ደርሻለሁ፣ ቤትሽን ግን አጣሁት።»

«እዚያው ቁም» አለው ኢንስፔክተሩ። «መምጫህን ንገረኝ። እሷን የት ነው የተውካት?»

ሃምሳ አለቃዋ የመኪናውን ቁልፍ ይዛ ከበሩ ወጥታለች። መዝጋቢዋ የጣቢያውን ስልክ ስባ አንድ ቁጥር ደወለች፤ ከማውጫዋ ውስጥ በቃሏ የምታውቀውን፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለውን።

ገና በመጀመሪያው ጥሪ ተነሳ።

«ጫማዬን አድርጌያለሁ» አሉ ጡረተኛዋ አዋላጅ። «የት ነው?»